ታችኛው ይቅደም፦ ክራይስትቸርች የተሰበረውን ሁሉ በምን ቅደም ተከተል ጠገነች?

በኒው ዚላንድ ደቡብ ደሴት የምትገኘው ክራይስትቸርች በአሥራ ስድስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ በብርቱ ተናወጠች (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጀመሪያው ሴፕቴምበር 4 ቀን 2010 ሌሊት 10፡35 ላይ የደረሰው፣ መጠኑ 7.1 የሆነው ነው። መነሻው ከከተማዋ በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ስለነበር በፍርስራሽ የሞተ ሰው አልነበረም። ሁለተኛው ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2011 ከቀኑ 6፡51 ላይ መጣ። መጠኑ 6.3 ብቻ ቢሆንም የተነሣው ከመሀል ከተማው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከምድር 5 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ጠልቆ ነበርና 185 ሰው ገደለ። በዚያው ዓመት ጁን 13 እና ዲሴምበር 23 ሌሎች ሁለት ከባድ መንቀጥቀጦች ተከተሉ፤ የተጠገነውንም እንደገና ሰበሩት።

ስለ ሕንፃዎቹ ብዙ ተብሏል። እዚህ የምናየው ከአስፓልቱ በታች ያለውን ነው፦ ውሃ፣ ፍሳሽ፣ የዝናብ ውሃ መውረጃ፣ ኬብል፣ በላያቸው ደግሞ መንገዱን። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተሰብሯል። ገንዘቡም፣ ሰዉም፣ ስካቫተሩም ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይበቃም። ታዲያ የትኛው ሰፈር፣ የትኛው ቧንቧ ይቅደም?

አፈሩ ምን አደረገ?

ቅደም ተከተሉ ለምን እንዲያ እንደሆነ ለመረዳት መሬቱን ማወቅ ግድ ነው። የከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል የተሠራው በኤቮን ወንዝ ዙሪያ፣ ድሮ ረግረግ በነበረ አሸዋማ ሜዳ ላይ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው በብዙ ቦታ አንድና ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ጠልቆ ይገኛል። በውሃ የተሞላ ልል አሸዋ ሲናወጥ ቅንጣቶቹ መደጋገፋቸውን ያጣሉ፤ ሸክሙን ውሃው ይሸከመዋል፤ መሬቱም ለደቂቃዎች እንደ ወፍራም ሾርባ ይሆናል፤ የአፈር መቅለጥ የምንለው ይህ ነው። ከባዱ ነገር ይሰምጣል፣ ባዶው ነገር ይንሳፈፋል። የፍሳሽ ማንሆል ውስጡ አየር ነውና ወደ ላይ ተገፍቶ ከአስፓልቱ በላይ ብቅ ይላል። ከወንዙ ዳር ያለው መሬት ደግሞ ወደ ወንዙ ይንሸራተታል፤ የድልድዮቹን መደገፊያ ግንቦች እየገፋ፣ አብረው የሚያልፉትን ቧንቧዎች ከመጋጠሚያቸው እየነቀለ።

ከምድር የፈለቀው ግራጫ ደለል በመቶ ሺዎች ቶን ይቆጠራል። ተማሪዎች በፈቃዳቸው ተደራጅተው አካፋና ጋሪ ይዘው ከየግቢው ሲያወጡት የዓለም ዜና ሆነው ነበር። ለጠጋኞቹ ግን ከግቢው ደለል ይልቅ ራስ ምታት የሆነው ወደ ቧንቧው የገባው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፦ መብራት፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ችግሩ

መጀመሪያ መብራት መጣ። ይህ ግልጽ ነው፤ የከተማዋ ውሃ ከጥልቅ ጉድጓዶች በፓምፕ የሚወጣ ነው፣ ሜዳ ስለሆነች ፍሳሹም ከሰፈር ሰፈር በፓምፕ የሚገፋ ነው። መብራት ከሌለ ሁለቱም የሉም። የመጠባበቂያ ጄኔሬተር አለ ብሎ መተማመንም አያዋጣም፦ በክራይስትቸርች ሆስፒታል መንቀጥቀጡ በናፍጣ ታንኩ ሥር ለዓመታት የተቀመጠውን ዝቃጭ አናውጦ ጄኔሬተሩን አውኮታል። ታንክን ማጠብ ርካሽ ሥራ ነው፤ በሰላሙ ጊዜ ግን ማንም አያስታውሰውም።

የአካባቢው የኤሌክትሪክ አከፋፋይ ኦሪዮን ከአደጋው በፊት በነበሩት ዓመታት 6 ሚሊዮን የኒው ዚላንድ ዶላር ያህል አውጥቶ የማከፋፈያ ጣቢያዎቹን ሕንፃዎችና ትራንስፎርመሮች አስሮና አጠናክሮ ነበር። ኩባንያው ራሱ እንደገመተው ይህ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉዳት አስቀርቷል። ያልዳኑት ኬብሎቹ ናቸው። ከመሬት ውስጥ የ66 ኪሎቮልት ኬብሎች ግማሽ ያህሉ ተጎዱ፤ ከ11 ኪሎቮልቶቹ ግን 5 በመቶ ገደማ ብቻ። ባለ 11 ኪሎቮልቱን የኩባንያው ሠራተኛ ቆፍሮ፣ የተበላሸውን ቆርጦ በቀን በቀን ይቀጥለዋል። ከባለ 66ቱ ግን በዘይት የተሞላ የድሮ ኬብል አለበት፤ አንድ ቦታ ሲቀጠል ሌላ ቦታ ይፈሳል፣ የሚቀጥለው ባለሙያም ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ የተወሰነው ውሳኔ ለማንኛውም ጠጋኝ ትምህርት ነው። ወደ ዳሊንግተንና ኒው ብራይተን የሚሄዱት ኬብሎች ብዙ ቦታ ተበጥሰው ነበርና አንጠግናቸውም ተባለ። በምትኩ በእንጨት ምሰሶ ላይ ጊዜያዊ መስመር ከላይ ተዘረጋ፤ ሥራው የሳምንታት ጉዳይ ሆነ። መስመሩ ለዓይን አያምርም፤ በመደበኛ ጊዜ ቢሆን ፈቃዱ ብቻ ዓመታት ይወስድ ነበር። ግን የምሥራቁ ሰፈር ፓምፖች ሁሉ የሚጠብቁት እሱን ነበር።

ቀጥሎ ውሃ። በሀንትስበሪ ኮረብታ ላይ ያለው 35 ሺህ ሜትር ኩብ የሚይዘው ትልቁ ማጠራቀሚያ በሥሩ የሚያልፈው የተሰባበረ ዐለት ተንቀሳቅሶ ተሰነጠቀና ውሃው አለቀ። በኋላ ሲሠራም ያንን ቦታ ለቅቆ በሁለት አነስተኛ ታንኮች ተተካ። ከተማዋ ከጉድጓድ የምታወጣው ውሃ ንጹሕ ስለነበር ክሎሪን ሳይጨመርበት ይጠጣ ነበር፤ አሁን ግን የተሰበረ የውሃ ቧንቧ ከተሰበረ የፍሳሽ ቧንቧ ጎን ተኝቷል። ክሎሪን ተጨመረ፣ ሕዝቡም ውሃ አፍልቶ እንዲጠጣ ታዘዘ።

የቧንቧው ዓይነት እዚህ ላይ ራሱን አሳየ። የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቧንቧ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ከሴፕቴምበሩ መንቀጥቀጥ በኋላ በምሥራቅ ሰፈሮች በተበየደ ፖሊኢትሊን (በእኛ ሥራ ቦታ ኤችዲፒኢ የምንለው ፕላስቲክ) የተተኩት መስመሮች ፌብሩዋሪ ላይ አልተሰበሩም። መሬቱ ሲሳብ አብረው ይሳባሉ፤ መጋጠሚያቸው በሙቀት የተበየደ ስለሆነ የሚነቀል ነገር የለም። ስለዚህ ከዚያ ወዲያ በሚቀልጥ አፈር ላይ የሚጣለው ቧንቧ የትኛው እንደሆነ ክርክር አላስፈለገውም።

እንግዲህ ውሃው መጣ። ችግሩም ያኔ ጀመረ። ሰው ቧንቧ ሲከፍት ሽንት ቤቱም ይለቀቃል፤ የሚቀበለው የፍሳሽ መስመር ግን በአሸዋ ተደፍኗል፣ የብሮምሊ ማጣሪያ ጣቢያ ገንዳዎችም ተጎድተው በአሸዋ ተሞልተዋል። ውሃ በፍጥነት በተመለሰ ቁጥር ወደ ኤቮንና ሂዝኮት ወንዞች የሚገባው ያልተጣራ ፍሳሽ ጨመረ። የባሕር ዳርቻዎቹ ተዘጉ። ከ30 ሺህ በላይ የኬሚካል ሽንት ቤቶች ለየቤቱ ታደሉ፤ ቤተሰቡ ሲሞላ ራሱ ተሸክሞ መንገድ ላይ ወደተቀመጠው ታንከር ይደፋዋል። አዛውንትና አቅመ ደካማ ይህን እንዴት እንደሚያደርግ በዕቅዱ ላይ ቀድሞ አለመታሰቡ ይታያል።

ውሃን ማዘግየት ነበረባቸው ማለታችን አይደለም፤ እሳት አለ፣ ሆስፒታል አለ። ግን ውሃና ፍሳሽን ሁለት ቡድኖች ለየብቻ ቅደም ተከተል ካወጡላቸው የአንዱ ስኬት የሌላው ጎርፍ ይሆናል። የውሃ መስመር ሊከፈት ሲል በዚያው ቀን ቢያንስ የመምጠጫ ቦቴና ጊዜያዊ ፓምፕ የት እንደሚቆም መወሰን አለበት።

ለምን ፍሳሹ ወሳኙ ሆነ?

አንድ መስመር በቅርብ እንይ። ሜዳ በሆነ ከተማ ውስጥ የፍሳሽ ቧንቧ በጣም ለስላሳ ተዳፋት ይዞ ነው የሚሄደው። በ200 ሜትር አንድ ሜትር ይወርዳል እንበል፤ በ100 ሜትር ርቀት ላይ 50 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። መሬቱ መካከል ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ቢሰምጥ ቧንቧው ምንም ሳይሰነጠቅ ሆድ ያወጣል። እዚያ ሆድ ውስጥ ውሃ ይቆማል፣ ዝቃጭ ይቀመጣል፣ ቅባት ይረጋል። በካሜራ ሲታይ ቧንቧው ደኅና ነው፤ ሥራው ግን ቆሟል። የውሃ ቧንቧ ግፊት ስላለው ሽቅብም ቁልቁልም ይሄዳል፤ የፍሳሹ ግን ተዳፋቱን ካጣ ቧንቧነቱን አጣ።

የተሰነጠቀው ደግሞ በየስንጥቁ የከርሰ ምድር ውሃና አሸዋ ያስገባል። የግፊት ማጠቢያ መኪና ገብቶ ሲጠርገው አሸዋው ይወጣል፤ በነጋታው ከቧንቧው ዙሪያ ሌላ አሸዋ ይገባል። ይህ ሲደጋገም ከቧንቧው ውጪ ዋሻ ይፈጠርና አንድ ቀን መንገዱ ከነመኪናው ይሰምጣል። ስለዚህ «እየጠረግን እንቆይ» የሚለው ርካሽ የሚመስል አማራጭ በየቀኑ ይከፈልበታል፤ የቦቴው፣ የናፍጣው፣ ያለ ፍሬ የሚገፋው የከርሰ ምድር ውሃም፣ ማጣሪያ ጣቢያው ላይ የሚደርሰው አሸዋም ዋጋ አለው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥልቀቱ አለ። የፍሳሽ መስመር ከሁሉም በታች ነው፤ ከእሱ በላይ የዝናብ ውሃ መውረጃ፣ ከዚያ የውሃ ቧንቧ፣ በመጨረሻ አስፓልት። መንገዱ ሰው ሁሉ የሚያየውና የሚያማርርበት ነው፤ ከከተማዋ አስፓልት መንገዶች ግማሽ ያህሉ ተጎድተው ነበርና ጫናው ቀላል አልነበረም። ነገር ግን መንገዱን ያስቀደመ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። አዲስ አስፓልት ተነጥፎ ወር ሳይሞላው ለቧንቧ ሲቆፈር ማየት ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ማብራራት አያስፈልገውም። በክራይስትቸርች መንገዶች ለረጅም ጊዜ በጠጠርና በቀዝቃዛ አስፓልት ተደፍነው ብቻ ቆዩ፤ ያ ቸልተኝነት አልነበረም።

ነጥብ አሰጣጡ

በ2011 የከተማው ምክር ቤት፣ የመልሶ ግንባታው መንግሥታዊ ባለሥልጣንና የሀገሪቱ የትራንስፖርት ኤጀንሲ ከአምስት ኮንትራክተሮች ጋር ሆነው ስከርት የሚባል አንድ ጥምር ቡድን አቋቋሙ። ዲዛይኑ፣ ዋጋ ግመታውና ቅደም ተከተሉ በአንድ ቢሮ ሆነ፤ ኮንትራክተሮቹ ሥራ የሚደርሳቸው ባሳዩት አፈጻጸም መጠን ነበር። ቡድኑ እስከ ጁን 2017 ቆየ፤ ሥራውም ከ2 ቢሊዮን የኒው ዚላንድ ዶላር አለፈ።

ከተማዋ የተከፋፈለችው በቀበሌ ወይም በምርጫ ክልል አልነበረም፤ ፍሳሹን አንድ የፓምፕ ጣቢያ በሚሰበስበው ሰፈር ነበር። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል፦ ውሃ ድንበር የሚያውቀው የራሱን ነው። እያንዳንዱ ሰፈር በብዙ መመዘኛዎች ነጥብ ይሰጠዋል። ቧንቧው ምን ያህል ተጎድቷል? ቢቆም ስንት ሰው፣ የትኛው ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት ይቆማል? እንዳለ ለማቆየት በወር ስንት ይወጣል? ተለዋጭ መስመር አለው? በዚያው መንገድ ሌላ ማን ሊቆፍር አቅዷል? የመጨረሻው ጥያቄ ራሱን የቻለ የካርታ ሥርዓት አስፈልጎታል፤ የቴሌ፣ የመብራት፣ የግል ሕንፃ ገንቢው ዕቅድ ሁሉ በአንድ ካርታ ላይ በጊዜ ተደርድሮ እንዲታይ።

በእኛ ግምት ከእነዚህ ሁሉ ሚዛን የሚደፋው «እንዳለ ለማቆየት በወር ስንት ይወጣል» የሚለው ነው። የጉዳት መጠን ብቻውን ያሳስታል፤ ክፉኛ ተሰብሮ አሥር ቤት የሚያገለግል ቧንቧ አለ፣ ትንሽ ተሰንጥቆ በየሁለት ቀኑ ቦቴ የሚጠራ ዋና መስመርም አለ። ሁለተኛው ይቀድማል።

መረጃው ራሱ ውድ ነበር። እያንዳንዱን መስመር በካሜራ ለማየት መጀመሪያ መጥረግ ያስፈልጋል፤ የተሰባበረ ቧንቧ ውስጥ ካሜራው ይቀረቀራል፣ ለማውጣት መቆፈር ይመጣል። ቀድሞ የተጠገነውም ጁን እና ዲሴምበር ላይ እንደገና ተናውጧልና የድሮው ቪዲዮ ዋጋ አጣ። ስከርት ያደረገው የታየውን ተጠቅሞ ያልታየውን መገመት ነው፦ የቧንቧው ዓይነት፣ ዕድሜ፣ የአፈሩ መቅለጥና የመሬቱ መስጠም በአንድ ቀመር ገብተው የጉዳት ግምት ይወጣል። ግምቱ ለቅደም ተከተል ይበቃል፤ ለቁፋሮ አይበቃም። ይህን ልዩነት የዘነጋ ዲዛይነር ደኅና ቧንቧ ያወጣል።

የማይጠገነውን መምረጥ

ጁን 23 ቀን 2011 መንግሥት መሬቱን በቀለም ከፈለው። በቀይ ቀጠና ያሉ ቤቶች መሬታቸው በቀላሉ የሚታከም ስላልሆነ መንግሥት ለባለቤቶቹ የግዢ ጥያቄ አቀረበ፤ በስተመጨረሻ 8 ሺህ ያህል ይዞታዎች በዚህ ውስጥ ገቡ። ለጠጋኞቹ ይህ ማለት በጣም የተጎዳው ሰፈር ቋሚ ጥገና አያገኝም ማለት ነው። በጉዳት ብቻ ቢደረደር አንደኛ የሚወጣው እሱ ነበር።

ወረቀት ላይ ቀይ መቀባት ቀላል ነው። ነገር ግን ሰዎቹ በአንድ ቀን አይወጡም፤ ጥቂቶች ጨርሶ አልወጡም። ቀይ ቀጠናውን አቋርጦ ከጀርባ ያለውን አረንጓዴ (ሰው መኖሩን የሚቀጥልበት) ሰፈር የሚያገለግል ዋና መስመርም አለ። ስለዚህ እያንዳንዱ ቧንቧ ለብቻው ተለየ፦ የሚያልፍ ከሆነ በቋሚነት ይጠገናል ወይም አቅጣጫው ይቀየራል፤ ቀሪ ነዋሪን ብቻ የሚያገለግል ከሆነ በጊዜያዊ ፓምፕና በቦቴ ይቆያል። ውሳኔው ከመታወቁ በፊት እዚያ የተቀበረ ውድ ቧንቧ ሁሉ ግን ገንዘቡ አብሮ ተቀብሯል። የመሬት ውሳኔ በዘገየ ቁጥር ጊዜያዊ ጥገና እንጂ ቋሚ ጥገና አይሠራም የሚለው ከዚህ የመጣ ነው።

አረንጓዴ ሆኖም መሬቱ ደካማ የሆነ ሰፈር አለ። እዚያ የድሮውን ጥልቅ መስመር መመለስ ማለት አራትና አምስት ሜትር መቆፈር፣ ግድግዳውን በብረት መደገፍ፣ የከርሰ ምድር ውሃውን ቀን ከሌሊት በፓምፕ መሳብ ነው። ውሃ ሲሳብ ደግሞ የጎረቤት ቤት ሊሰምጥ ይችላል። በምትኩ እንደ አራኑይና ሸርሊ ባሉ ሰፈሮች በቫኪዩም የሚሠራ መስመር ተዘረጋ። የጥቂት ቤቶች ፍሳሽ ወደ አንድ ጉድጓድ ይገባል፤ 40 ሊትር ያህል ሲሞላ ቫልቩ ይከፈትና በአየር ተስቦ ይሄዳል። ተዳፋት ብዙም አያስፈልገውም፤ ጥልቀቱ ትንሽ፣ ቧንቧው የተበየደ ፖሊኢትሊን ነው። ድክመቱ ግን አንድ ቫልቭ ተከፍቶ ከቀረ የመስመሩ መሳብ አቅም ሁሉ ይወርዳል፤ ጉድለቱን ፈልጎ የሚደርስ ሠራተኛ በሌሊትም ያስፈልጋል።

ሌላ ቦታ ለየቤቱ መፍጫ ፓምፕ ያለው ታንክ ተተከለ። እዚህ ኢንጂነሮቹ ያልገመቱት ተቃውሞ ገጠማቸው። ታንኩ በማን ግቢ ይቀበራል? መብራቱን ማን ይከፍላል? ነዋሪው ከመንቀጥቀጡ በፊት ሳይከፍልና ሳያስብ ይለቅቀው የነበረው ፍሳሽ አሁን በግቢው ውስጥ ማሽን ሆነበት። በስሌት ርካሹ አማራጭ ፈቃድ ለማግኘት በሚወስደው ወራት ውድ ሊሆን ይችላልና ነዋሪውን ማነጋገር ከዲዛይኑ በፊት መምጣት ነበረበት።

ገንዘቡ ሲጠብብ

በ2013 በተፈረመው የወጪ መጋራት ስምምነት መንግሥት ለእነዚህ መሠረተ ልማቶች እስከ 1.8 ቢሊዮን ዶላር፣ ከተማው 1.14 ቢሊዮን ዶላር እንዲያወጡ ተወሰነ። ለውሃና ለፍሳሽ መስመሮች የመንግሥት ድርሻ 60 በመቶ ነበር፤ የሚከፍለውም መንቀጥቀጡ ላደረሰው ጉዳት እንጂ ለእርጅና አልነበረም። የ80 ዓመት ሸክላ ቧንቧ ላይ የታየውን ስንጥቅ የትኛው እንዳመጣው መለየት ግን የዳኝነት ያህል ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የሀገሪቱ ዋና ኦዲተር አሠራሩን በጥቅሉ ደኅና ብሎ፣ መጨረሻ ላይ ምን ዓይነት የአገልግሎት ደረጃ እንደሚደርስ ግን ከፋዮቹ በግልጽ እንዳልተስማሙ አስቀምጧል።

ክፍተቱ ዋጋ አስከፈለ። የመጀመሪያዎቹ ሰፈሮች ለጋስ በሆነ መመዘኛ ሙሉ በሙሉ ሲተኩ፣ ገንዘቡ እንደማይበቃ ሲታወቅ መመዘኛው ጠበቀ። ከ2014 ጀምሮ አሁን አገልግሎት የሚሰጥ ቧንቧ ጉዳት ቢኖርበትም እንዲቆይ ተደረገ፤ መቆፈር ቀርቶ ውስጡን በሽፋን መልበስ በቂ በሆነበት ሽፋን ብቻ ተሰጠ። ስለዚህ ተመሳሳይ ስንጥቅ ያላቸው ሁለት መንገዶች ተራቸው በደረሰበት ዓመት ምክንያት የተለያየ ጥገና አገኙ።

ስከርት ጁን 30 ቀን 2017 ሲዘጋ ለከተማው ያስረከበው አዲስ ቧንቧ ብቻ አልነበረም። ሆድ ያወጡ ግን ያልተቆፈሩ መስመሮች፣ በካሜራ ስንጥቅ የታየባቸው ግን የተተዉ ቧንቧዎችም አብረው ወደ ምክር ቤቱ የጥገና መዝገብ ገብተዋል፤ ተራቸው እስኪደርስ የማጠቢያ መኪናው ይመላለስባቸዋል።